ለቢሮ ሕንፃ የሴንሰር መብራት ለጠየቅኸው፦ ከዕቃው በፊት ርክክቡን አስብ

ሰላም ወንድሜ። «ለቢሮ ሕንፃችን በሴንሰር የሚሠራ መብራት ልናስገባ ነው፤ የትኛው ዕቃ ይሻላል?» ብለህ ጠይቀሃል። ስለ ዕቃው ብዙ አትጨነቅ። ደህና የሚባሉት ሁሉም ይሠራሉ። ሰውን የሚያስለቅሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ፕሮግራም ማድረጉና ርክክቡ። እኔ የምሠራው ሕንፃ ጥገና ላይ ነው። የደረሰብን እንዳይደርስብህ ልንገርህ።

1. የሴንሰሩ ቦታ የሚወሰነው ፓርቲሽኑና ጠረጴዛው ከታወቀ በኋላ ይሁን። ኮርኒስ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ሴንሰር የሚለየው የሚንቀሳቀስ ሙቀትን ነው። ከፓርቲሽን ጀርባ አያይም፣ በመስታወትም አያልፍም። ዝም ብሎ ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጠ ሰውማ ለሱ የለም። የእኛ ሂሳብ ክፍል ሰዎች በየመሃሉ እጃቸውን እያወናጨፉ ነበር የሚሠሩት። መጸዳጃ ቤት ውስጥ የሆነውን አንተው ገምተው። እዚያ በድምፅ ሞገድ የሚሠራውን ወይም ሁለቱን ያጣመረውን አስገባ። እሱም ጣጣ አያጣም፤ የአየር ማቀዝቀዣ ንፋስ ፊት ከተሰቀለ ሰው ሳይኖር ያበራል።

2. መስኮት ባለው ክፍል ሴንሰሩ ያጥፋ እንጂ አያብራ። የፈለገ ሰው በእጁ ያበራል። ብዙ ጊዜ የቀኑ ብርሃን ስለሚበቃው ሳያበራ ይውላል፤ ቁጠባው እዚያ ላይ ነው። ኮሪደር ግን ራሱ ይብራ። ሰው ከወጣ በኋላ የሚቆየው ከ20 ደቂቃ አይለፍ። በጣም አሳጥረኸው ደግሞ ሠራተኛው እንዳያምፅብህ።

3. ርክክብ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ታገሰኝ። የእኛ ሲስተም ዳሊ (DALI) የሚባለው፣ መብራቶችን በዲጂታል ትእዛዝ የሚቆጣጠረው ነው። በአንድ መስመር ላይ እስከ 64 መብራት ይገባል፣ እያንዳንዱም የራሱ አድራሻ አለው። የትኛው መብራት በየትኛው ማብሪያና ሴንሰር እንደሚታዘዝ የሚወስነው ሽቦው ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው። ያ ፕሮግራም ደግሞ የነበረው በገጣሚው ድርጅት ላፕቶፕ ላይ ብቻ። ፓስወርዱም እነሱ ጋር። እኔ «የፕሮግራሙ ፋይል ሳይመጣ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ» ብዬ በጽሑፍ አሳውቄ ነበር። ፋይናንስ «መብራቱ በርቷል አይደል?» ብሎ ለቀቀው።

ከዚያ አንድ ፎቅ ላይ የግድግዳ ቦታ ተቀየረ። የስብሰባው አዳራሽ መብራት ግማሹ በጎረቤት ክፍል ሰው ይጠፋል። ደወልን። «ፓስወርዱ የድርጅታችን ሚስጥር ነው፤ ለማስተካከል አዲስ ውል ይፈረም» አሉን። በገዛ ሕንፃችን! ዘበኛው ሰለቸውና ማታ ማታ ብሬከሩን ይጥለው ጀመር። መብራቱስ ጠፋ፣ ግን የአደጋ ጊዜ መብራቶቹም ቻርጅ የሚያደርጉት በዚያው መስመር ነበርና ባትሪዎቻቸው ሌሊቱን ሙሉ እየፈሰሱ አለቁ።

በመጨረሻ ከኤሌክትሪሻናችን ጋር ሆነን ራሳችን ገባንበት። ዳሊ ላይ አድራሻውና ግሩፑ (አብረው የሚታዘዙት መብራቶች ምድብ) የሚቀመጠው እዚያው መብራቱ ድራይቨር፣ ማለትም ለመብራቱ ኃይል የሚመጥነው ዕቃ፣ ውስጥ ነው፤ ይህን ገጣሚዎቹ አልነገሩንም። ከላፕቶፕ ጋር የሚያያዝ ማንበቢያ ገዝተን መብራቶቹን አንድ በአንድ ብልጭ እያደረግን የፎቁ ፕላን ላይ ቁጥራቸውን ጻፍን። የተቆለፈውን ኮንትሮለር ግን አውጥተን መጣል ግድ ሆነ፤ ያ ወጪ እስካሁን ያንገበግበኛል። አሁን ፕላኑ ፓነሉ በር ላይ ተለጥፏል። ማንንም አንለምንም።

ስለዚህ ውልህ ውስጥ ይህ ይግባ፦ ሙሉው ፋይል፣ የዋና አስተዳዳሪው ፓስወርድ፣ አድራሻው የተጻፈበት ፕላን፣ እንዲሁም ሰው ገብቶ መሥራት ከጀመረ በኋላ ተመልሰው የሚያስተካክሉበት ቀን። ከክፍያው ደህና ድርሻ እስከዚያ ቀን ይያዝ። «እንልክላችኋለን» የሚል ቃል አትቀበል፤ ፋይሉን አንተ ላፕቶፕ ላይ ከፍተህ እየው።

4. ይሄኛው አጭር ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያደርገውም። አዲስ ኤልኢዲ ወደፊት ሲደክም እንዲበቃ ታስቦ ሲገጠም ከልክ በላይ ደማቅ ነው። የአውሮፓው ደረጃ ለቢሮ ጠረጴዛ 500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይላል። በሉክስ ሜትር ለካውና የድምቀቱን የላይኛ ወሰን በፕሮግራም ዝቅ አድርገው። የእኛ ሠራተኞች ልብ እንኳ አላሉም። የመስኮት ዳሩን ረድፍ ደግሞ ለብቻው ግሩፕ አድርገው፤ ከውስጠኛው ረድፍ ጋር ከታሰረ የቀኑ ብርሃን ምንም አይጠቅምህም።

ውሉ ገና ካልተፈረመ የርክክቡን አንቀጽ ብቻ እዚህ ለጥፈው፣ አይቼ የጎደለውን እነግርሃለሁ።