ራም ከመግዛትህ በፊት ዲስኩን እየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ሆስት (ሰርቨር) ላይ ኢኤስኤክስአይ (አንዱን ማሽን ለብዙ የሚያካፍለው የቪኤምዌር ሶፍትዌር) ጭነህ ዘጠኝ ቪኤም (ምናባዊ ኮምፒውተር) ታስኬዳለህ። ጠዋት ጠዋት ሁሉም አብረው ይንቀራፈፋሉ፣ ሲፒዩው ግን 30 በመቶ እንኳ አይደርስም። ዳታስቶሩ (የቪኤሞቹ ፋይል የሚቀመጥበት የዲስክ ቦታ) ላይ የቀረህ 40 ጊጋ ነው። አለቃህ ደግሞ ራም ተገዝቶ ለአምስቱ ቪኤም 8 ጊጋ 8 ጊጋ ይጨመር ብሏል።

እሱን ነገር ለጊዜው አስቁመው። ለምን መሰለህ፣ ራም ሪዘርቭ ያልተደረገለት (ለብቻው ያልተያዘለት) ቪኤም ሲነሳ በተሰጠው ራም ልክ ዳታስቶሩ ላይ የስዋፕ ፋይል (ራም ሲያጥር የሚተካው) ይፈጥራል። አምስት ጊዜ ስምንት 40 ነው። ያቺ የቀረችህ ቦታ በአንድ ቀን አለቀች ማለት ነው። ዳታስቶር ሲሞላ ደግሞ ቲን ዲስክ (በተጻፈበት ልክ እያደገ የሚሄድ) ወይም ስናፕሾት (ቪኤሙን ወደ አንድ ቅጽበት መመለሻ) ያላቸው ቪኤሞች የሚጽፉበት ሲያጡ ባሉበት ቀጥ ይላሉ።

ሲፒዩ ሥራ ፈትቶ ሁሉም ቪኤም ባንድ ላይ ከዘገየ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዲስኩን ነው። ሰው ሥራ ሲጀምርና ስልክህ መጮኽ ሲጀምር በኤስኤስኤች (ከርቀት ትእዛዝ መስጫ) ሆስቱ ውስጥ ግባና ኢኤስኤክስቶፕን (ሆስቱ እንዴት እየሠራ እንደሆነ በቁጥር የሚያሳየውን ትእዛዝ) አስነሳ። ማታ ሁሉም ዝም ሲል የወሰድከው ቁጥር አይጠቅምህም። መጀመሪያ ኤምን ተጫን፤ ባሉኑና (ሆስቱ ከቪኤሞቹ መልሶ የወሰደው ራም) ስዋፑ ዜሮ ከሆኑ ሆስቱ ራም አላጠረውም፣ ለአለቃህም ስክሪኑን ፎቶ አንስተህ ላክለት። ቀጥሎ ዩን ተጫን። ዲኤቪጂ የሚለው አምድ ጥያቄው ከሆስቱ ወጥቶ ዲስክ ደርሶ እስኪመለስ የፈጀውን ሚሊሰከንድ ነው። አንዴ ዘሎ ከተመለሰ ችግር የለውም፣ ከ25 በላይ ተሰቅሎ ከቀረ ግን በሽታው ዲስኩ ወይም ሬይድ ካርዱ (ዲስኮቹን አጣምሮ የሚያሠራው) ጋ ነው። ኬኤቪጂ ደግሞ ሆስቱ ውስጥ የጠበቀበት ጊዜ ነው፤ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት፣ ከ2 ካለፈ ወረፋው እዚያው ሆስቱ ውስጥ ነው።

እኔም ካቻምና የገባሁበት ጉድ ነው። እሠራበት የነበረው ቢሮ እንዳንተው ራም ገዛን፣ ቅዳሜ ገጠምን፣ ሰኞ ጠዋት ካሸሯ ደውላ «ዛሬ ደግሞ ብሶበታል» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ኢኤስኤክስቶፕን ከፍቼ ዲኤቪጂ 80 ላይ ተቀምጦ ያየሁት። ዲስኮቹ ሁሉም አረንጓዴ። የሬይድ ካርዱን ማኔጅመንት ስከፍት ግን መብራት ሲጠፋ ካሹን (የካርዱን ጊዜያዊ ሜሞሪ) የሚያቆየው ባትሪ ሞቷል፣ ካርዱም ራሱን ከራይት ባክ ወደ ራይት ስሩ ቀይሯል። ማን አየው! ድሮ ካርዱ ዳታውን ካሹ ላይ ተቀብሎ «ጨርሻለሁ» ይል ነበር፣ አሁን ዲስኩ ጽፎ እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቃል።

እስቲ ሒሳቡን እየው። የነበረን አራት ባለ 7200 ዙር ሳታ ዲስክ በሬይድ 5 ነው። አንዱ ዲስክ በሰከንድ ቢበዛ 80 ገደማ ሥራ ይሠራል፣ አራቱ 320። በሬይድ 5 አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አራት ሥራ ትጠይቃለች፤ የድሮውን ዳታና ፓሪቲ (አንድ ዲስክ ሲሞት ዳታውን መልሶ የሚያወጣው ሒሳብ) ማንበብ፣ ከዚያ አዲሶቹን ሁለቱንም መጻፍ። ስለዚህ ለሁሉም ቪኤም የሚተርፈው በሰከንድ 80 ጽሑፍ ነው። አንድ ኤስኪውኤል ዳታቤዝ ብቻውን ይጨርሰዋል።

ባትሪው ለምን ሞተ ካልከኝ፣ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ሰርቨሩን ይይዛል፣ ኤሲውን ግን አይዝም። ጄኔሬተሩ የሚያስነሳው ሰው እስኪገኝ ክፍሉ ምድጃ ይሆናል። ሙቀት ለባትሪ መርዝ ነው። ባትሪው ተቀየረ፣ ዲኤቪጂ ከ10 በታች ወረደ። ባትሪው እስኪመጣ ራይት ባክን አስገድደህ አብራው የሚልህ ሰው አይጠፋም፤ አትስማው። መብራት ድንገት ሲቋረጥና ዩፒኤሱም ሲከዳህ ካሹ ላይ የነበረው ዳታ ይተናል፣ ዳታቤዙም አብሮ ይሄዳል።

ወደ ቦታው ስንመጣ፣ መጀመሪያ ስናፕሾት ፈልግ። ብዙ ሰው እንደ ባክአፕ ይይዘዋል፣ አይደለም። ከተነሳ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ዴልታ ፋይሉ ውስጥ ነው የሚገባው፣ እሱም የዋናውን ዲስክ ያህል ሊያብጥ ይችላል። ቪኤምዌር ራሱ ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩት ይላል፣ እኔ ግን «ከአፕዴት በፊት» የሚል የሁለት ዓመት ስናፕሾት አግኝቻለሁ። የባክአፕ ሶፍትዌር መሃል ላይ ሲቋረጥም ጥሎት ይሄዳል፣ ያኔ ስናፕሾት ማኔጀሩ ላይ ላይታይህ ይችላል። ዳታስቶሩን ከፍተህ ስማቸው ላይ 000001፣ 000002 እያለ የሚቆጥር ፋይል ካለ ተይዘሃል። በእጅህ ግን እንዳትሰርዘው! ቪኤሙ ይበላሻል። ኮንሶሊዴት አድርገው (ዴልታውን ከዋናው ዲስክ ጋር አዋህደው)፣ በተለይ እንዳንተ ቦታ ካጠረ ማታ ቪኤሙን አጥፍተህ፣ ምክንያቱም እየሠራ ከሆነ በዚያው ሰዓት ሌላ ዴልታ ይከፍታል። 99 በመቶ ላይ ለሰዓታት ተገትሮ ሊያስደነግጥህ ይችላል። ሆስቱን ሪስታርት እንዳታደርግ፣ እየሠራ ነው።

ዲስኩ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ኢኤስኤክስቶፕ ላይ ሲን (c) ተጫንና ሬዲ የሚለውን (ቪኤሙ ሲፒዩ ለማግኘት የጠበቀውን) እይ። ለአንድ ቪሲፒዩ (ለቪኤሙ የተሰጠ ኮር) ከ10 በመቶ በላይ ከሆነ ለትንንሾቹ ቪኤሞች ስምንት ስምንት ኮር አድለሃል ማለት ነው፣ ቀንስላቸው። ግን ከጻፍከው አንጻር አይመስለኝም።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ዲኤቪጂ ስንት እንዳለ፣ ሬይዱ ስንት እንደሆነና ካርዱ ስለ ባትሪው ምን እንደሚል እዚሁ ጻፍልኝ።