ድንበር የምትሻገሪበትን ቀን በኪሎ ሜትር አታቅጂው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በረጅም የሳይክል ጉዞ በቀን 100 ኪሎ ሜትር የምነዳ ከሆነ፣ ድንበር በምሻገርበት ቀንም ያንኑ ላቅድ ወይ ነው ያልሽው። እኔ ተይው ባይ ነኝ። ግማሹን ያዢ። ድንበሩ ላይ ደግሞ ጠዋት ድረሺ።

ኬላ ላይ ስንት ሰዓት እንደምትቆሚ አስቀድሞ የሚነግርሽ የለም። አንዳንዴ በሃያ ደቂቃ ትጨርሻለሽ። አንዳንዴ አንድ አውቶብስ ሙሉ ሰው ይቀድምሽና ግማሽ ቀን ይሄዳል። ስለዚህ የዋዜማውን ሌሊት ለድንበሩ ቅርብ የሆነች ከተማ ማደር ነው የሚያዋጣው።

ከዑጋንዳ ወደ ሩዋንዳ በካቱና በኩል ስሻገር የገጠመኝን ልንገርሽ። አንድ መስመር ስንት ነገር እንደሚቀይር በደንብ ያየሁት እዚያ ነው። ያደርኩት ካባሌ ነበር። ከካባሌ ድንበሩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከድንበሩ ኪጋሊ ደግሞ ወደ 80፣ ያውም ዳገት በዳገት። ሲደመር ያው የአንቺ 100 ነው፤ ካርታ ላይ ቀላል ይመስላል።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንይ። ሩዋንዳ ከዑጋንዳ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስልክሽን ስታዪ አንድ ሰዓት የተጨመረልሽ ይመስልሻል። ፀሐይ ግን ምንም አልጨመረችልሽም። ካባሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ የምትጠልቀው ፀሐይ፣ ኪጋሊ 12 ሰዓት አካባቢ ትገባለች። እስኪመሽ ስንት ሰዓት ብርሃን እንደቀረሽ ቁጠሪ፣ ዕቅድሽንም በዚያ አውጪ።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ዑጋንዳ በግራ ይነዳል፣ ሩዋንዳ በቀኝ። እኔ ሰልፉ ላይ እያለሁ መፍቻ አውጥቼ የመሪውን መስታወት ከቀኝ ወደ ግራ አዛወርኩት። ይህን ሳታደርጊ አትነሺ፤ ከኋላ የሚመጣው ከባድ መኪና የሚቀድምሽ በሌላው በኩል ነው። ኬላው አካባቢ መኪና ስለሚበዛ ተከትለሽ ትሄጃለሽ፣ ችግር የለውም። አደጋው ቆየት ብሎ ነው የሚመጣው። ጭር ባለ መንገድ ዳር አርፈሽ ስትነሺ፣ እግርሽ በለመደው በኩል ይወስድሻል። ቢያንስ የመጀመሪያውን ቀን፣ ከእረፍት በተነሳሽ ቁጥር "በቀኝ" ብለሽ ለራስሽ ተናገሪ።

ፌስታልም አለ። ሩዋንዳ በፈረንጆች ከ2008 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። እኛ ሳይክል ነጂዎች ደግሞ ዝናብ ፈርተን ልብሱንም ቻርጀሩንም የምንጠቀልለው በፌስታል ነው። ውሃ የማያስገባ የጨርቅ ከረጢት ቀድመሽ ያዢ።

አሁን ዋናው፣ ማህተሙ። መኪና ኬላ ላይ ሳይቆም አያልፍም። ሳይክል ግን ከእግረኛው ጋር ተቀላቅሎ ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል፤ ጠባቂውም የሰፈር ሰው መስለሽው በእጁ "እለፊ" ሊልሽ ይችላል። ደስ ብሎሽ እንዳታልፊ። የመውጫ ማህተም ሳይኖርሽ ወዲያ ማዶ ብትደርሺ መልሰው ሊልኩሽ ይችላሉ። አንዳንድ ኬላ ላይ የሁለቱም አገር መስኮት አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ ቢሮው ከመስመሩ ርቆ ከተማ ውስጥ ይሆናል። ስትደርሺ "የመውጫው የት ነው?" ብለሽ ጠይቂ። ማህተሙ ሲመታልሽ እዚያው መስኮቱ ላይ ቀኑን አንብቢ፣ ፎቶም አንሺው። ፓስፖርት፣ ገንዘብና ስልክ ከመሪው ላይ በሚነቀለው ቦርሳ ይሁኑ። ያንን ነቅለሽ ይዘሽ ትገቢያለሽ፤ ሳይክሉን ከተቻለ ከመስኮቱ በሚታይሽ ቦታ ቆልፊው።

ከመነሳትሽ በፊት ደግሞ ኬላው ክፍት መሆኑን፣ ሳይክልም የሚያሳልፍ መሆኑን አጣሪ። ይኸው የካቱና መንገድ ከ2019 እስከ ጥር 2022 ተዘግቶ ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) በቺሊና በአርጀንቲና መካከል ያለው የክሪስቶ ሬደንቶር ዋሻ ውስጥ ሳይክል መንዳት ክልክል ነው፤ ሳይክሉን ከነነጂው መኪና ላይ ጭነው ነው የሚያሳልፉት። ቺሊ ትኩስ ፍራፍሬም አታስገባም፣ ስለዚህ ከኬላው በፊት ብይው።

ገንዘብ ድንበር ላይ ለአንድ ሌሊት የሚበቃሽን ብቻ ቀይሪ። ሲም ካርዱ ይቆይ፤ ካርታውን ግን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ከዋዜማው አውርጂው። የአንቺ መስመር በካቱና ከሆነ፣ ያቺን 80 ኪሎ ሜትር ለሁለት ቀን ክፈያት።