አረንጓዴውን ሽግግር ማን ይምራው? ለጥያቄዎቻችሁ የተሰጠ መልስ

የወረዳና የቀበሌ አመራሮችን በማሠልጠን ሥራ ውስጥ ቆይቻለሁ። አገር አፈሩን፣ ውኃውንና ደኑን ሳትጨርስ እንድታድግ የሚመሩ ሰዎች ከየት ይመጣሉ የሚለው ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ የቻልኩትን መልሻለሁ።

ጋሼ፣ አረንጓዴ ኢኮኖሚ ሲባል ለእኔ ችግኝ መትከል ብቻ ነው የሚመስለኝ። ሌላ ነገር አለው? (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

አለው እንጂ! ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አውጥታለች። ስሌቱ እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አገሪቱ የምትለቀው በካይ ጋዝ በዓመት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። በተለመደው መንገድ ካደግን በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ይደርሳል። ስለዚህ እያደግን እዚያው 150 ላይ እንቆይ ተባለ። ደን ከአራቱ ምሰሶዎች አንዱ ብቻ ነው። እርሻና ከብት እርባታ አለ፤ ከታዳሽ ምንጭ የሚገኝ ኤሌክትሪክ አለ፤ ትራንስፖርት፣ ኢንዱስትሪና ሕንፃ አለ። ችግኝ ፎቶ ላይ ስለሚያምር ነው ብዙ የምታየው።

ዕቅዱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ምንድን ነው የጎደለው? በጀት ነው?

በጀትም ይጎድላል። እኔ ግን ከበጀት በፊት ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ውሳኔ ሲወሰን "በዚህ ማን ይጎዳል?" ብሎ ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው የለም። ሁለተኛ፣ የጀመረውን እስኪጨርስ ቦታው ላይ የሚቆይ ሰው የለም። የተራቆተ ተራራ ተከልሎ እስኪያገግም ዓመታት ይፈጃል። የወረዳው ኃላፊ ግን ሣሩ ሳያቆጠቁጥ ሌላ ቦታ ይመደባል። አዲሱ ሲመጣ የራሱን ዘመቻ ይጀምራል። ሥልጠና የመጀመሪያውን ሊያስተካክል ይችላል። ሁለተኛውን አይችልም፤ እሱ የሹመት አሠራር ጉዳይ ነው።

መካኒክ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። እኛን ማን አሰበን? (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው። ውሳኔው መሠረት የሌለው አይደለም። ነዳጅ የምንገዛው በዶላር ነው። ኤሌክትሪካችን ደግሞ ባብዛኛው ከውኃ ይመጣል፤ የዓባይ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ አቅጣጫው ያስኬዳል።

ግን መኪና ብቻውን አይነዳም። ከኋላው ትራንስፎርመር አለ፣ ቻርጅ ማድረጊያ አለ፣ መለዋወጫ አለ፣ ለባትሪው ዋጋ መተመን ያለበት ኢንሹራንስ አለ፣ አንተም አለህ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው መኪናውን የት ይሰካል? ይህን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበስብ ሰው ነው መሪ የምለው። የጋራዥ ባለቤቶች ክልከላውን እንደ ማንኛውም ሰው ከዜና ከሰሙት ሰብሳቢ አልነበረም ማለት ነው።

ጀርመኖች ከድንጋይ ከሰል ለመውጣት ሲያስቡ ኮሚሽን አቋቋሙ። የሠራተኛ ማኅበራት፣ የኃይል ኩባንያዎች፣ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች፣ የከሰል አካባቢ ተወካዮች አብረው ተቀመጡ። እስከ እ.ኤ.አ. 2038 ቀን ቆረጡ፣ ለሚጎዱት ክልሎች ደግሞ እስከ 40 ቢሊዮን ዩሮ መደቡ። ዘገየ ብለው የሚተቹት ብዙ ናቸው፤ ትችቱም ትክክል ይመስለኛል። የእኛ ኪስ ከእነሱ ጋር አይወዳደርም። የሚጎዳውን ቀድሞ መጥራት ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ላንተ፦ አሁን ያሉት የነዳጅ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ፤ ነገ ሥራ አትፈታም። ግን ከወዲሁ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለውን ክፍል በጥንቃቄ መያዝ ተማር። እሱ በልምድ የሚደፈር ነገር አይደለም፤ ይገድላል። ብቻህን ከምትሄድ አምስት ስድስት ጋራዦች ተባብራችሁ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሁልጊዜ የውጭ ምሳሌ ነው የምንሰማው። የራሳችን የለም? (መምህርት፣ ደብረ ብርሃን)

ደጅሽ ላይ አለ፤ የመንዝ ጓሳ። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ማኅበረሰቡ ራሱ ሲጠብቀው የኖረ ደጋ ነው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ይሆናል። ቁጥቋጦው ለማገዶ፣ መስኩ ለግጦሽ። ሁሉም ይፈልገዋል፤ ሁሉም በፈለገበት ቀን ቢገባ ግን አንድ ሣር አይተርፍም ነበር። ስለዚህ ቦታው ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው ሕዝቡ የመረጠው አለቃ ነበር። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም።

የዛሬው ሥልጠናችን የማይሰጠው ነገር እዚህ አለ። ያ አለቃ "አሁን አይሆንም" የማለት ሥልጣን ነበረው፤ ሕዝቡም ይሰማዋል። የእኛ ሠልጣኝ "ትከሉ" ማለት ያውቃል። "አትግቡ" ማለት ሲኖርበት፣ በተለይ ዘመዱ ከብቱን ነድቶ ሲመጣ፣ ምላሱ ይታሰራል።

ግን አሮጌውን ሥርዓት አናሞግሰው። መብቱ የሁለት አቅኚ አባቶች ተወላጆች ነበር፤ ከዚያ ውጭ ያለው ገበሬ አይገባም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ቦታውም ተጎዳ። ኋላ ማኅበረሰቡ በኮሚቴ መልክ መልሶ አቋቋመው፤ በዚህ ጊዜ ትናንት በር የተዘጋባቸውም ተካተቱ። እኔ ለሠልጣኞች የምነግረው ይህን ሁለተኛውን ክፍል ነው። የፈረሰን ነገር ይበልጥ ፍትሐዊ አድርጎ መሥራት የመንዝ ሰዎች ያሳዩን ትምህርት ነው።

ሥልጠናው ሆቴል ውስጥ አበል እየተበላ የሚሰጠው ነው አይደል?

ብዙው እንደዚያ ነው፤ አልዋሽም። ቡና፣ ፓወር ፖይንት፣ የቡድን ፎቶ፣ የምስክር ወረቀት።

የሚሠራው ሌላ ነው። ሠልጣኞቹን ተፋሰሱ አናት ላይ ታወጣቸዋለህ፣ እስከ ታች በእግር ታስኬዳቸዋለህ። ላይኛው ሰው እርከን የሠራበት መሬት፣ ታችኛው ሰው ያገኘው ምንጭ ይታያል። ድካሙ የአንዱ፣ ጥቅሙ የሌላው። ከዚያ ተቀምጠው እውነተኛ መተዳደሪያ ደንብ እንዲያረቁ ታደርጋለህ፤ የፋይናንስ ኃላፊው የግጦሽ መሬት የተዘጋበትን ገበሬ ወክሎ ይከራከራል። ሰውዬው መጀመሪያ ይስቃል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከልቡ ይናደዳል። ያኔ ሥልጠናው ተጀመረ። ከክረምት በኋላ ደግሞ ተመልሰህ ምን እንደቆመ ታያለህ።

ካድሬ ነው የምታሠለጥኑት፣ ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬድሃል?

የምትለው ነገር አለበት። ሠልጣኙ "ይህ አይሠራም" ማለት የማይችልበት ሥልጠና መመሪያ ማስተላለፊያ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነገረ። "ስንት ተተከለ?" ተብሎ የሚገመገም ሰው ይተክላል። የሪፖርት ቅጹ ላይ "ካምና ስንቱ ጸደቀ?" የሚል ረድፍ ቢጨመር ከአሥር ሥልጠና ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሴቶች የት አሉ?

ምጣዱ ጋ። እየቀለድኩ አይደለም! ባብዛኛው ቤት ትልቁን ጉልበት የሚበላው እንጀራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ሰፈሩ በአንድ ሰዓት ሲጋግር መብራቱ ይንቀጠቀጣል። ስለ ማገዶና ስለ ኃይል የሚወስነው ስብሰባ ላይ ግን አንድ ቀን ጋግረው የማያውቁ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ብዙ ከተናገርኩ ወንዶቹ ጓደኞቼ ይጣሉኛል።

የካርቦን ሽያጭ የሚባለው እውነት ገንዘብ ያመጣል? (ከቨርጂኒያ)

ወላይታ ውስጥ ሁምቦ አምጥቷል። 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ፣ ከተቆረጠው ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየገረዙ እየተንከባከቡ መለሱት። ዛፎቹ ከአየር የያዙትን ካርቦን ዓለም ባንክ የሚያስተዳድረው ፈንድ ገዛቸው። ነዋሪዎቹ መጀመሪያ "መሬታችን ሊወሰድ ነው" ብለው ሰግተው ነበር። ያረጋጋቸው ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመጠቀም መብቱ በእነሱ እጅ መግባቱ ነው። ገንዘብ መላክ ካሰብሽ ለአንድ ቀን ሴሚናር አትላኪ። የእንዲህ ያለ ማኅበር የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ ቻይ፤ ማኅበር የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በሒሳብ ነው።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ደመወዜ ትንሽ፣ አለቃዬ ብዙ። እኔም መሪ ነኝ ልትለኝ ነው?

አዎ፣ ግን በባዶ ሙገሳ አልሸኝህም። በአንድ ቀበሌ ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ይመደባል። ሦስታችሁ ካልተነጋገራችሁ አንዱ የከለለውን ሌላው ያስግጠዋል። ሁሉንም አትጀምር። አንድ ቦረቦር ምረጥ። ከብቱ ሲከለከል የሚጎዱትን አባወራና እማወራ በስም መዝግብ፤ የሚታጨደው ሣር መጀመሪያ ለእነሱ እንዲደርስ ደንቡ ውስጥ አስገባ። ደንቡን ሕዝቡ ፊት አስነብብ፣ አስፈርም፣ አንድ ቅጂ ለቀበሌው፣ አንድ ለማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ስጥ። አንተ ብትቀየር እንኳ ወረቀቱ ይቆያል። ይህን ሁሉ በጥርና በየካቲት ጨርስ፤ ሰኔ ከገባ ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ነው፣ ለስብሰባ የሚመጣልህ የለም።