ለ«ስትሪም» ሁሉ ጅረት?

ጥያቄ፦ ስልኬን በአማርኛ ሳደርገው «በዥረት መልቀቅ» የሚል ትእዛዝ መጣ። 11ኛ ክፍል የገባችው ልጄ «ሶሻል ስትሪም ነኝ» ትላለች። ዜናው ደግሞ «የታችኛው ተፋሰስ አገሮች» ይላል። ሦስቱም በእንግሊዝኛ «ስትሪም» ናቸው አሉኝ። እኛስ አንድ ቃል አያስፈልገንም? ደግሞስ «ጅረት» ነው ወይስ «ዥረት»?

መልስ፦ አያስፈልገንም። ለአንድ የውጭ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል ይመደብለት፣ ያኔ ወጥነት ይኖረናል የሚሉ አሉ። ወጥነቱ የሚጠቅመው እንግሊዝኛውን ነው። እንግሊዝኛ በስም የሚለውን አማርኛ አብዛኛውን ጊዜ በግስ ይጨርሰዋል፦ ሕዝቡ ወደ ጃንሜዳ ጎረፈ፣ እንባዋ ወረደ። «መድኃኒቱ ወደ ደም ጅረት ይገባል» ብሎ የተረጎመ ሰው «ወደ ደም ይገባል» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? ጅረት ከወንዝ ያነሰ ወራጅ ውሃ ነው፤ እዚያው ይቆይ።

የዜናው አነጋገር የህዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ከተጀመረ ወዲህ በየቤቱ ገብቷል። «ተፋሰስ» የወጣው ከፈሰሰ ነው፤ ተደራራጊው (እርስ በርስ መሆኑን የሚያሳየው የግስ ቅርጽ) ተፋሰሰ ይሆናል። ቃሉ ውሃው ተሰብስቦ የሚወርድበትን ምድር ሁሉ፣ ተራራውንም ሜዳውንም ይይዛል። ስለዚህ በእንግሊዝኛው «ዳውንስትሪም» ውስጥ ያለውን «ስትሪም» የተካው ተፋሰስ አይደለም፤ ሱዳንንና ግብፅን ከእኛ የለየው «የታችኛው» የሚለው ቅጽል ብቻ ነው። አህያን ውሃ አደፈረስሽብኝ ብሎ የከሰሳት ጅብ ከላይ ነበረ፣ እሷ ከታች። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ ስለምታውቅ ነው። ተረቱ ላይና ታች በሚሉት ቃላት ብቻ ጉዳዩን ጨርሷል። (በነገራችን ላይ «ገባር ወንዝ» ከገባ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። «ር»ን ከየት አመጧት? ከገበረ ነው፤ ለዋናው ወንዝ ግብር የሚያገባ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው አቻም ግብር ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ነው።)

የልጅዎ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያጓጓል። እዚያ «ስትሪም» ማለት ተማሪው ናቹራልና ሶሻል ተብሎ የሚከፈልበት መስመር ነው። መክፈልንና ውሃን በአንድ ሥር የያዘ ቃል ደግሞ ከጥንት አለን፦ ፈለግ። በግእዝ ፈለግ ወንዝ ነው፤ ፈለገ ግዮን እንዲሉ። በዕብራይስጥም ይኸው ሥር ወራጅ ውሃንም መከፈልንም ይዟል። ኦሪት ዘፍጥረት 10፥25 ፋሌቅ የተባለው ሰው ስሙን ያገኘው «ምድር በዘመኑ ተከፍላለችና» መሆኑን ሲነግረን የሚጫወተው በዚህ ሥር ነው። ወደ አማርኛ ሲሻገር ግን ውሃው ደረቀና መሄጃው ቀረ፦ የአባቱን ፈለግ ተከተለ።

ፈለግ «ሻ» ከሚለው ፈለገ ወጣ፣ የሚፈለግ መንገድ ነውና የሚሉ ሊቃውንት አሉ። አንብበው አይፍረዱ፤ ጮክ ብለው ይበሉት። በግሱ «ለ» ይጠብቃል፣ በስሙ ይላላል። ፊደላችን ማጥበቅን ስለማያሳይ ባሕር ዳር ያለውን ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል «ሕይወትን ፈለገ» ብሎ የሚያነብ አይጠፋም፤ ስሙ ግን የሕይወት ወንዝ ማለት ነው። እርግጥ ዱካ መከተልና መሻት በትርጉም መቀራረባቸውን አልክድም፤ ይህን ያህል ልልቀቅላቸው።

ለእኔ ቢተው ልጅዎ «የማኅበራዊ ሳይንስ ፈለግ» ትገባ ነበር። አትገባም፤ ትምህርት ቤቱም «ዘርፍ» ወይም «መስክ» ይላታል፣ እሷም «ሶሻል ነኝ» ትላለች። «ዘርፍ» ይበቃል።

ወደ ስልክዎ ስንመጣ ሁለት ነገር መለየት አለበት። ክንውኑ እየተካሄደ የሚታይ ከሆነ «ቀጥታ ስርጭት» ከሬዲዮ ዘመን ጀምሮ አለን። ከ10 ዓመት በፊት የተሠራን ፊልም በኢንተርኔት ሲያዩ ግን ቀጥታ የሚባል ነገር የለም፤ ምስሉ በጥቂት በጥቂቱ እየደረሰ ወዲያው ይታያል፣ ፋይሉ ተሟልቶ ስልክ ላይ አይቀመጥም። ለዚህ «ሳያወርዱ ማየት» ማለት ግልጽ ነው፤ መረጃ ለመቆጠብ ብሎ «አውርድ»ን ለሚመርጥ ሰውም ልዩነቱን ወዲያው ያሳየዋል። «በዥረት መልቀቅ» የሚለው ግን መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ እንጂ ፊልም የሚያይ ሰው አይታየኝም። ወጣቱማ ከሁላችንም ቀድሞ «ላይቭ ገባ» ብሏል። ቃሉ ባይጥመኝም ግሱ የራሳችን ነው፤ እንግሊዝኛው «ጎ ላይቭ» ብሎ «ይሄዳል»፣ እኛ «እንገባለን»። ይህን የሚመልሰው ያለ አይመስለኝም።

አጻጻፉን በተመለከተ ጅና ዥ ሲወራረሱ የኖሩ ድምፆች ናቸው፦ ጅራት፣ ዥራት፤ ጅራፍ፣ ዥራፍ፤ ጃንሆይ፣ ዣንሆይ። ሁለቱም ያስኬዳሉ። እኔ «ጅረት» እጽፋለሁ፤ ማስረጃ የለኝም፣ ጆሮዬ ነው። አንዱን ከመረጡ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አይቀላቅሉ።