በትለር ሁን ለተባልከው ወንድማችን

ዱባይ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሆነህ እየሠራህ አንድ ሀብታም ቤተሰብ «ቤታችን በትለር ሁንልን» እንዳለህ ጽፈሃል። «ከአስተናጋጅ በምን ይለያል? የቤት ሠራተኛ ማለት ነው ወይ?» ብለህም ጠይቀሃል። እኔም እዚያው ዱባይ የሆቴል በትለር ነበርኩ። አሁን ለንደን የግል ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

አስተናጋጅ የሚጠየቀው ስለ ገበታው ነው። በትለር ግን ስለ ቤቱ በሙሉ ይጠየቃል። በር ከፍቶ እንግዳ መቀበሉ፣ ኮት መያዙ፣ መጠጥ ማቅረቡ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ማን እንደሚመጣ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ለውዝ የማይስማማው ማን እንደሆነ ቀድመህ ማወቅ አለብህ። ሼፉም፣ ሾፌሩም፣ ጽዳቶቹም ግራ ሲገባቸው ወዳንተ ነው የሚመጡት። ሌሊት ቧንቧ ቢፈነዳ የምትቀሰቀሰው አንተ ነህ።

በድሮ የእንግሊዝ ትልልቅ ቤቶች ሥራው ተከፋፍሎ ነበር። በትለሩ የወይን ጓዳውን፣ የብር ዕቃውንና የመመገቢያ ክፍሉን ይይዛል። ወንዶቹ አስተናጋጆች በሱ ሥር ናቸው። ሴቶቹን ሠራተኞች የምታዝ ሌላ ሴት አለች። የጌታውን ልብስ የሚያሰናዳ ሰውም ለብቻው አለ። ወንድ አገልጋይ መቅጠር የሀብታም ወግ ስለነበር መንግሥት በፈረንጆቹ 1777 ግብር ጣለበት፤ የተነሳው በ1937 ነው። በኛም መኳንንት ቤት አጋፋሪው እንግዳውን በማዕረጉ ያስቀምጣል፣ አሳላፊው ጠጁን ይቀዳል፣ አዛዡ የጓዳውን ገቢና ወጪ ይቆጣጠራል። ዛሬ ይኼ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ይወድቃል።

ጊዜህን የሚበላው ዕቃው ነው። የብር ማንኪያና ሹካ ማሽን ውስጥ አይገባም። በእጅ፣ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። እንቁላል ያጠቁረዋል። ጨው ደግሞ ካደረበት ይበላዋል። ስለዚህ የብሩን ጨው መያዣ፣ ምንም ቢደክምህ፣ እንግዳ እንደወጣ ባዶ አድርገው። ሆቴል የለመድከው አቀራረብ እዚህም ይጠቅምሃል፤ ቢላው ስለቱ ወደ ሳህኑ፣ ብርጭቆ ከእግሩ ተይዞ። እሱ ላይ አትቸገርም።

ደብተር ግን ያዝ። እንግዳው ምን በላ፣ ምን ተወ፣ ቡናውን እንዴት ጠጣ፣ ሁሉንም ጻፍ። በሚቀጥለው ሲመጣ ሳይጠይቅ ይቀርብለታል። እኔ እስከዛሬ ከሰማሁት ምስጋና አብዛኛው የመጣው ከዚህ ደብተር ነው። ሌላው ርክክብ ነው። ሥራ እንደጀመርክ ዕቃውን ከቤቱ ሰው ጋር ቆጥረህ ተረከብ። የተሰነጠቀውን፣ የጎደለውን ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ይኼን ያላደረገ ሰው ከሱ በፊት ለጠፋ ዕቃ ሲጠየቅ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል።

ከሆቴል ዋናው የሚለየው ሌላ ነገር ነው። ሆቴል እንግዳው ይሄዳል። ቤት ግን ሕመማቸውን፣ ጠባቸውን፣ የልጆቻቸውን ለቅሶ ትሰማለህ። የሰማኸው እዚያው ይቀራል። ፎቶ የለም፣ ቲክቶክ የለም፣ ለጓደኛም ቢሆን ወሬ የለም። ቤተኛ ትሆናለህ፣ ቤተሰብ ግን አትሆንም። አንድ ቤት «አንተኮ ቤተሰባችን ነህ» እያሉኝ የዕረፍት ቀኔን ቀስ በቀስ በልተውብኛል። ፍቅራቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱ ግን በወረቀት ይስፈር።

ከመፈረምህ በፊት ትእዛዝ የምትቀበለው ከማን እንደሆነ ጠይቅ፤ ከእመቤቲቱ ነው ወይስ ከጸሐፊያቸው? ሁለት አዛዥ ያለበት ቤት ሰው ያደክማል። በትለር ብለው ቀጥረው ሾፌርም፣ ጽዳትም፣ ሞግዚትም የሚያደርጉ ስላሉ የሥራው ዝርዝር ይጻፍ። የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት 1 የዕረፍት ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከ12ቱም ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ ይላል። ፓስፖርትህም እጅህ ላይ ይቆይ።

ከቻልክ አንድ ቀን ሙከራ ሥራላቸው። ሼፉን ወይም ሾፌሩን ለብቻ አግኝተህ ከአንተ በፊት የነበረው ሰው ለምን እንደለቀቀ ጠይቃቸው። ያሉህን እዚህ ጻፍልን፣ አብረን እናየዋለን።