የብረት ነጋዴው ሽምግልና

ልጆች፣ ዛሬ ስለ አንድ ነጋዴ ልጽፍላችሁ ነው። ሰር ሲግመንድ ስተርንበርግ ይባላሉ። ብዙዎቻችሁ ስማቸውን የሰማችሁት አይመስለኝም። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት በሒሳብ ሥራ ነው፣ ከነጋዴ ጋር ስውልና ሳመሽ። ስለዚህ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግበት የማየት ልማድ አለኝ። አንዱ ፎቅ ይሠራል፣ አንዱ ለድሃ ይሰጣል። እኚህ ሰው ግን ከገንዘባቸው በላይ ንግድ ያስተማራቸውን ሙያ፣ መደራደሩን፣ ደጅ መጥናቱን፣ ሰው ማወቁን፣ አይሁድን ከክርስቲያንና ከሙስሊም ጋር ለማቀራረብ አዋሉት። ከእናንተም አብዛኛው ቄስ ወይም ሼክ አይሆንም፣ ባለሙያ ነው የሚሆነው። ለዚህ ነው የሳቸውን ታሪክ የመረጥኩት። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

የተወለዱት በ1921 ቡዳፔስት ውስጥ ነው። ያኔ ሀንጋሪ ለአይሁድ ልጅ አትመችም ነበር። በ1920 በወጣ ሕግ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው አይሁድ በኮታ ተወሰነ። በ1938 ደግሞ በሥራ ቦታም ላይ ገደብ መጣ። ስተርንበርግ በ1939 ገና በወጣትነታቸው እንግሊዝ ገቡ። በ1944 ጸደይ፣ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ከ400 ሺህ በላይ የሀንጋሪ አይሁዶች በባቡር ተጭነው ተወሰዱ፣ አብዛኞቹ ናዚዎች በያዟት ፖላንድ ወደነበረው የግድያ ካምፕ፣ ወደ አውሽዊትዝ። ይህን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እንግሊዝ ውስጥ የገቡበት ሥራ የቁርጥራጭ ብረት ንግድ ነው። ምናለሽ ተራ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል፣ የሳቸው መጠኑ የፋብሪካ ቢሆንም። አሮጌ ብረት ትገዛለህ፣ ትለያለህ፣ ለአቅላጭ ትሸጣለህ። በዚህ ንግድ ዋጋ ሁሌም በክርክር ነው የሚቆረጠው። ዛሬ የተከራከርከው ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጭነት ይዞ ይመጣል፣ ስለዚህ ብትረታውም አዋርደህ አትሸኘውም። ብዙ ነጋዴ ይህን ያውቃል። ከሱቁ ውጪ የሚሠራበት ግን ጥቂት ነው። ስተርንበርግ በ1947 የእንግሊዝ ዜግነት አገኙ፣ ሀብትም አፈሩ፣ በ1976 የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ አርፈው መቀመጥ ይችሉ ነበር።

አሁን ወደ አውሽዊትዝ ልመለስ። እዚያ 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰው ተገድሏል፣ አንድ ሚሊዮን ያህሉ አይሁድ ነው። ከ70 ሺህ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ፖላንዳውያን ናቸው፣ አብዛኞቹም ካቶሊኮች። በ1984 የቀርሜሎስ ማኅበር ካቶሊክ መነኮሳይት ከካምፑ አጥር ጥግ ባለ አሮጌ ሕንጻ ገቡ። ናዚዎቹ የመርዝ ጋዝ ያከማቹበት የነበረ ሕንጻ ነው። የመነኮሳይቱ ሐሳብ ለሞቱት መጸለይ ነበር። አይሁዶቹ ግን ይህ የወገኖቻችን መቃብር ነው፣ የማንም ገዳም አይተከልበት አሉ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ወገን የራሱ ሙታን አሉት፣ ሁለቱም ከልቡ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጠብ ነው በጣም የሚከብደው።

በ1987 ጄኔቫ ላይ በካቶሊክና በአይሁድ መሪዎች መካከል ስምምነት ተፈረመ። ከካምፑ ራቅ ብሎ የጸሎትና የውይይት ማዕከል ይሠራል፣ መነኮሳይቱም በሁለት ዓመት ውስጥ ወደዚያ ይዛወራሉ ተባለ። ሁለት ዓመቱ አለፈ፣ ማንም ንቅንቅ አላለም። በ1989 ክረምት ከአሜሪካ የመጡ አይሁዶች አጥር ዘለው ግቢው ገቡ፣ እዚያ ያሉ ሠራተኞች ውሃ ደፉባቸው፣ ደበደቧቸውም። ነሐሴ ላይ የፖላንድ ካቶሊኮች መሪ ካርዲናል ዮዜፍ ግሌምፕ በስብከታቸው አይሁዶችን ክፉኛ ያስቀየመ ንግግር ተናገሩ። ዓለም ሁሉ ተንጫጫ።

ስተርንበርግ ያኔ በዓለም አቀፉ የክርስቲያኖችና የአይሁዶች ምክር ቤት አመራር ላይ ነበሩ። አስቡት፣ ከሀንጋሪ የወጡ አይሁድ ናቸው፣ የተነካው ደግሞ አውሽዊትዝ ነው። ካርዲናሉን በአደባባይ ቢያወግዙ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር፣ እንዲያውም ይጨበጨብላቸው ነበር። እሳቸው ግን ከካርዲናሉ ጋር መነጋገሩን መረጡ። መስከረም ላይ ቫቲካን ማዛወሩን እንደምትደግፍ አስታወቀች። በዚያው ሰሞን ግሌምፕ የጄኔቫው ስምምነት እንዲፈጸም ሐሳባቸው መሆኑን በደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው የተጻፈው ለስተርንበርግ ነው።

እኔ ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ካርዲናሉ ሐሳባቸውን ለመቀየር የሚጽፉለት ሰው አስፈልጓቸው ነበር። ሁሉም ፊቱን ቢያዞርባቸው ኖሮ ለማን ይጽፉ ነበር? ጉዳዩ እንዲያም ሆኖ ቶሎ አላለቀም። በ1993 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ራሳቸው ለመነኮሳይቱ ጻፉላቸው፣ እነሱም ለቀው ወጡ። ከገቡ ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው። ዕርቅ በአንድ ፖስትና በሁለት ኮመንት እንዲያልቅ የምትጠብቁ ልጆች ይህችን ዘጠኝ ዓመት አትርሷት።

ሌላም ብዙ ነገር አለ። በ1986 ጳጳሱ የሮምን ምኩራብ ሲጎበኙ ጉብኝቱ እንዲሳካ ካገዙት ሰዎች አንዱ ስተርንበርግ ናቸው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቫቲካን የክብር ፈረሰኛ ማዕረግ ሰጥታቸዋለች፣ ለአይሁድ ብርቅ ነገር ነው። በ1998 ለመንፈሳዊ ሥራ የሚሰጠውን የቴምፕልተን ሽልማት አገኙ፣ ማዘር ቴሬዛ መጀመሪያ የተሸለሙትን።

አንዳንዶቻችሁ «ከሌላ እምነት ሰው ጋር አብዝቼ ከተቀራረብኩ የራሴን ላጣ እችላለሁ» ብላችሁ ትሰጋላችሁ። ስጋታችሁን አልንቅም። ግን ስተርንበርግን እዩ። አይሁድ ሆነው ኖረው፣ በ2016 በ95 ዓመታቸው አይሁድ ሆነው ሞቱ። ለራሳቸው ምእመናን ብዙ ገንዘብ አውጥተዋል፣ ሰሜን ለንደን ፊንችሊ ውስጥ ያለው የአይሁድ ማዕከልም በስማቸው ተሰይሟል። የጳጳሱን ወዳጅነት ያገኙት እምነታቸውን አሳንሰው አይደለም። እንደኔ እንደኔ፣ በሌላው ቶሎ የሚደነግጠው የራሱን በቅጡ ያልተማረ ሰው ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን ተማሩ።

በ1997 ደግሞ ከሁለት ሰዎች ጋር ሆነው ለንደን ውስጥ የሦስቱ እምነቶች ፎረምን መሠረቱ። አንደኛው ግብጻዊው ሼክ ዶክተር ዘኪ በደዊ፣ ሁለተኛው የእንግሊዝ ቤተክርስቲያን ቄስ ማርከስ ብሬብሩክ ናቸው። ያኔ ስተርንበርግ 76 ዓመታቸው ነው። ድርጅቱ በኋላ ስሙን ቀይሯል። ከሥራዎቹ እኔን በጣም የሚማርከኝ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማሪዎችን አጠያየቅ ማስተማሩ ነው። አዎ፣ ጥያቄ አጠያየቅ። «እናንተ ሙስሊሞች ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ?» ስትሉት ልጁ ስለ ሁለት ቢሊዮን ያህል ሰው መልስ ስጥ እንደተባለ ይቆጥረዋል፣ ይከላከላል። «አንተ ስትጾም የሚከብድህ ምኑ ነው?» ብትሉት ግን ስለራሱ ያወራችኋል። ከዚያ እሱም በተራው ይጠይቃችኋል።

እናንተም ከዚሁ ጀምሩ፣ በየሥራ ቦታችሁ። ስብሰባ የምትጠሩ ከሆነ የጁምዓን ሰዓት እየዘለላችሁ ጥሩ፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ሰው አታስቀምጡ። ምሳ ስታዝዙ የጾም ምግብ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የእምነታችሁን ስም ያጎደፈ የሥራ ባልደረባ ቢያጋጥማችሁ ደግሞ ስክሪንሾቱን ለግሩፕ ከመላካችሁ በፊት ደውሉለት፣ ብቻውን አግኙት፣ ሐሳቡን ቢቀይር ለእናንተ የሚነግርበት መንገድ ተዉለት።