በደሴና በኮምቦልቻ ለምትማሩ ልጆቼ፦ ስለ አንጎል ኦርጋኖይድ

ልጆቼ፣

ሕክምና፣ ላቦራቶሪ፣ ባዮቴክኖሎጂ ወይም ሕግ የምታጠኑ ሁሉ ስለ አንጎል ኦርጋኖይድ፣ ማለትም ከሰው ሴል ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሚበቅል አንጎል መሰል ሕብረ ሕዋስ፣ ስትሰሙ መጀመሪያ የምታነሡት «ያስባል ወይ?» የሚለውን ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ግን የሚቀድም ሌላ አለ። ሴሉን የሰጠው ሰው በሴሉ ምን እንደሚሠራበት ገብቶት ነበር ወይ? ነገ ሥራ ላይ የሚያጋጥማችሁ ይኸኛው ነው።

አሠራሩን በልኩ እወቁ፤ ያልገባንን ለሌላ ማስረዳት አይቻልምና። ጥቂት ደም ወይም ጥቂት ሚሊሜትር ቆዳ ይወሰዳል። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺንያ ያማናካ እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል ባሳዩት መንገድ፣ በአራት ጂኖች ሴሉ ወደ ስቴም ሴልነት፣ ማለትም ወደ ማንኛውም የሰውነት ሴል ሊቀየር ወደሚችል ሴልነት፣ ይመለሳል። ከዚያ 9,000 ያህል ሴሎች በላቦራቶሪ ሳህን አንድ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይድቦለቦላሉ፤ ከቀናት በኋላ ወደ ነርቭነት የሚመራቸው ምግብ ይሰጣቸዋል፤ ማትሪጄል በሚባል ዝልግልግ ነገር ተሸፍነው በ37 ዲግሪ፣ በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እየተወዘወዙ ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከቪየና በወጣው ዘዴ በሁለት ወር ገደማ እስከ 4 ሚሊሜትር ያድጋል። የደም ሥር ስለሌለው ኦክስጅን መሀሉ አይደርስም፤ እምብርቱ ይሞታል። በአንድ ቀን ከአንድ ሰው ሴል የተሠሩት እንኳ አይመሳሰሉም።

ስለዚህ «ትንሽ አንጎል» አትበሉት። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴል አለው፤ ይህ ጥቂት ሚሊዮን ነው፤ ከዓይንም ከጆሮም የሚደርሰው ነገር የለም። ግን አታቅልሉትም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወራት ዕድሜ ባላቸው ኦርጋኖይዶች ላይ የተቀናጀ የኤሌክትሪክ ሞገድ ታይቷል። በ2022 በአይጥ ግልገል አንጎል የተተከለ የሰው ኦርጋኖይድ የአይጡ ጺም ሲነካ ምላሽ ሰጥቷል። በ2025 ደግሞ የሕመም ስሜት የሚተላለፍበት መስመር ከአራት ክፍሎች ተቀጣጥሎ ሳህን ላይ ተሠርቷል። እነዚህ ይሰማቸዋል የሚል ማስረጃ የለም፤ መሰማት አለመሰማቱን የሚለካ፣ ሁሉም የተስማማበት መሣሪያም የለም። እኔ የምፈራው ይህን ሁለተኛውን ነው።

ሕጋችንም እዚህ ላይ ክፍተት አለበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1 ሰው ከተወለደበት ጊዜ እስከሚሞትበት የመብት ባለቤት ነው ይላል፤ አንቀጽ 2 የተጸነሰ ልጅ ጥቅሙ ሲጠይቅ፣ በሕይወት ከተወለደና ለመኖር ከበቃ፣ እንደተወለደ ይቆጥረዋል። ኦርጋኖይድ አልተጸነሰም፣ አይወለድም። ዕቃ ነው ቢባል እንኳ የባለቤቱን ዘረመል የያዘ ዕቃ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የዘረመል መረጃን ከስሱ መረጃዎች መድቦታል። ሕግ የምታጠኑ፣ ይህን ክፍተት የመመረቂያ ጽሑፋችሁ አድርጉት።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ሴል ሰጪው ወደሚፈርመው የስምምነት ቅጽ፣ ልመለስ። ከኩታበር ወይም ከሐይቅ የመጣ ታካሚ ፊታችሁ ተቀምጧል። ወሎ ውስጥ የተጨነቀ ሰው «አብሽር» ይባላል፤ ደግ ቃል ነው፤ አውራ ጣት ለማስፈረም ግን አይበቃም። «ለምርምር ይውላል» ማለትም አይበቃም። ደሙ ወደ ሕያው ሴልነት ተቀይሮ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ፣ ወደ ሌላ አገር ሊላክ፣ የአንጎልን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ሊሠራበት፣ ምናልባትም እንስሳ ውስጥ ሊተከል እንደሚችል በየተራ ይነገረው። እንስሳ ውስጥ መትከሉ ብቻውን አዎ ወይም አይሆንም የሚባልበት መስመር ይኑረው፤ ሌላውን ፈቅዶ ይህን የሚከለክል ሰው ብዙ ነውና። ከዚያ «እስቲ ለቤተሰብዎ እንዴት ነው የሚነግሩልኝ?» በሉት። መልሱ «ምርመራ ነው» ከሆነ አልገባውም፤ እንደገና ጀምሩ።

ሃይማኖት ይነሣል፤ መነሣቱም መብት ነው። ማትሪጄል ከአይጥ ዕጢ ይወጣል፤ ሴል ለማላቀቅ የሚውለው ትሪፕሲን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ቆሽት ነው፤ ሴል የሚመገበው ሴረም የሚባለው የደም ፈሳሽ ከላም ጽንስ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከጠየቃችሁ እውነቱን ተናገሩ።

«በፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ሙሉ እውነት አይደለም። ናሙናው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳለ ይወገዳል፤ ሴሉ ለሌሎች ላቦራቶሪዎች ከተሰራጨ፣ የዘረመል ቅደም ተከተሉም ከታተመ በኋላ መመለሻ የለውም። እስከየት ድረስ ማስቀረት እንደሚቻል በግልጽ ጻፉ። የአሜሪካዊቷ የካንሰር ታካሚ የሄንሪየታ ላክስ ሴሎች እ.ኤ.አ. በ1951 ሳትጠየቅ ተወስደው ዛሬም ይራባሉ፤ ቤተሰቧ ከአንድ ኩባንያ ጋር የተስማማው በ2023 ነው።

ናሙናው ከአገር ሲወጣ የማስተላለፊያ ስምምነቱን ራሳችሁ አንብቡት፦ ለምን ሥራ፣ ለሦስተኛ ወገን ይተላለፋል ወይ፣ የተረፈው ይመለሳል ወይስ ይወገዳል፣ ገንዘብ ቢያስገኝ ድርሻው የማን ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። የሚጥል በሽታ ወይም ከልክ ያነሰ ጭንቅላት ያለው ሕፃን ሲሆን የሚፈርመው ወላጅ ነው። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ሴሉ ገና በሕይወት ይኖራል፤ ፈቃዱን ደግሞ መጠየቅ ያኔ ይገባል። ስልክ ይቀየራል፤ ስለዚህ ቀበሌውን፣ የአንድ ዘመዱን ስምና 18 ዓመት የሚሞላበትን ቀን በቅጹ ላይ ጻፉ፤ ቅጹም በአንድ ተመራማሪ መሳቢያ ሳይሆን በሥነ ምግባር ኮሚቴው መዝገብ ይቀመጥ።